በላፕቶፓችሁ ላይ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከመጫኑ በፊት ስለ ድራይቨሮች

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ላፕቶፕ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲቀየር ስለሚያስፈልጉ ድራይቨሮች ማብራሪያ ስለ መስጠት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ላፕቶፓችሁን የሊኑክስ ዓይነቶች ወደሆኑት ወደ ኡቡንቱ ወይም ወደ ሊኑክስ ሚንት እንድንቀይርላችሁ የምትጠይቁን ደንበኞች ቁጥራችሁ ጨምሯል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ በአካባቢያችን የሚሠራባቸው ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች መስፈርቱን አያሟሉም። ማሽኖቹ ግን ገና ብዙ የሚያገለግሉ በመሆናቸው ውሳኔያችሁን በሙሉ ልብ እንደግፋለን። ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ፣ ሲስተሙ ከተቀየረ በኋላ የሚነሳው አብዛኛው ቅሬታ ከድራይቨር ጋር የተያያዘና አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ስለሆነ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። አዲሱ ሲስተም ተጭኖ ላፕቶፑ ከቀድሞው ፈጥኖ ይነሳል፤ ነገር ግን የዋይፋይ ምልክቱ የለም፣ ወይም ድምፅ አይወጣም፣ ወይም የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ አይቻልም። ባለቤቱም ዕቃው ተበላሽቷል ወይም በጥገና ወቅት ተነክቷል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ የሚገባን ቢሆንም፣ በአብዛኛው የጎደለው ድራይቨሩ ብቻ ነው።

ድራይቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድን የላፕቶፕ ክፍል፣ ለምሳሌ የዋይፋይ ካርዱን ወይም የድምፅ ቺፑን፣ እንዲያውቅና እንዲያዝዝ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የሚዘጋጀው ለተወሰነ ቺፕና ለተወሰነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለሆነ፣ ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር በፍላሽ ይዞ መጥቶ ኡቡንቱ ላይ ልጫነው ማለት ውጤት አያስገኝም። ከዚህም ሌላ፣ ድራይቨር የሚመረጠው በቺፑ ማንነት እንጂ በላፕቶፑ ክዳን ላይ በተጻፈው ስም አይደለም። በአንድ የሞዴል ስም ከተሸጡ ሁለት ላፕቶፖች አንዱ የኢንቴል፣ ሌላው የሪልቴክ ዋይፋይ ካርድ ሊኖረው ስለሚችል፣ «የጓደኛዬ ላይ ያለ ችግር ሠርቷል» የሚለው ለእናንተ ማሽን ዋስትና አይሆንም። እኛ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የምንመለከተው የእያንዳንዱን ክፍል መለያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አምራቹንና ቺፑን ለየብቻ የሚያሳይ ሲሆን፣ ለምሳሌ የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ክፍሉ የኢንቴል ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይፋ ያደረገው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ ዋና አካል)፣ የአብዛኞቹን ክፍሎች ድራይቨር በራሱ ውስጥ ይዞ የሚመጣ በመሆኑ ከዊንዶውስ ይለያል። የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ የኢንቴል ግራፊክስና የኢንቴል ዋይፋይ ያለው ላፕቶፕ ኡቡንቱ ሲጫንበት ብዙውን ጊዜ ሌላ ድራይቨር ሳይፈልግ ሥራ ይጀምራል። ችግር የሚመጣው አምራቹ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ባላደረገባቸው ክፍሎች ላይ ነው፤ ከእነዚህም በእጃችን ደጋግመው የሚገቡት የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶችና የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች ናቸው።

የብሮድኮም ካርድ በቆዩ ማክቡኮች፣ እንዲሁም በአንዳንድ የዴልና የኤችፒ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛል። አስቸጋሪነቱ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ማስፈለጉ፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ያው ድራይቨር ማስፈለጉ ነው። የኔትወርክ ገመድ የተዘረጋበት ቢሮ ይህን በቀላሉ ይወጣዋል፤ በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው ያለው የስልክ ዳታ ብቻ ነው። ለዚህ የሚሆነው መንገድ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፣ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ከሚገኝበት ሥር ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ማብራት ነው። ሊኑክስ የአንድሮይድ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ስለሚያየው ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጠይቅ ይገናኛል። ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ መጀመሪያ ገመዱን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ገመዶች ኃይል ብቻ እንጂ ዳታ አያስተላልፉም። ከተገናኘ በኋላ በኡቡንቱ «አዲሽናል ድራይቨርስ»፣ በሊኑክስ ሚንት ደግሞ «ድራይቨር ማኔጀር» የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ የቀረበውን የብሮድኮም ድራይቨር መምረጥና ላፕቶፑን ሪስታርት ማድረግ በቂ ነው።

ለኤንቪዲያም የሚከፈተው ያው ፕሮግራም ነው፤ ሆኖም ፋይሉ በመቶዎች ሜጋባይት ስለሚቆጠር የዳታ ጥቅላችሁን አስቀድማችሁ አስቡበት። ከተዘረዘሩት ውስጥ «ሪኮሜንድድ» የሚል ምልክት ያለበትን እንጂ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን አትምረጡ፤ አዳዲሶቹ ድራይቨሮች የቆዩ ካርዶችን ትተዋል፤ ለምሳሌ ኬፕለር የሚባለውን የኤንቪዲያ ትውልድ የሚደግፈው የመጨረሻው የድራይቨር ተከታታይ 470 ነው።

እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን ልናስረዳው የምንፈልገው የሴኪዩር ቡትን ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ድራይቨሩ በትክክል ተጭኖ ሳለ እንዳልተጫነ የሚያስመስለው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ሴኪዩር ቡት በባዮስ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ ቀድሞ በሚሠራው መነሻ ፕሮግራም ውስጥ ክፍት ከሆነ፣ ላፕቶፑ የታወቀ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ሥራ አያስጀምርም። ስለዚህ ኡቡንቱ የኤንቪዲያን ወይም የብሮድኮምን ድራይቨር ሲጭን ከ8 ያላነሰ ፊደል ያለው የይለፍ ቃል እንድታስገቡ ይጠይቃል። ላፕቶፑ ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ በዚህ ገጽ ላይ በ10 ሰከንድ ውስጥ ማንኛውንም ቁልፍ ካልተጫናችሁ ላፕቶፑ አልፎት ይነሳና ድራይቨሩ ሳይሠራ ይቀራል። ቁልፍ ከተጫናችሁ በኋላ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ኮንቲኒው» እና «የስ» የሚሉትን መርጣችሁ ቀደም ሲል የሰጣችሁትን የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ። በዚያች ሰዓት ኪቦርዱ የሚያውቀው የአሜሪካን እንግሊዝኛ አቀማመጥ ብቻ ስለሆነ፣ የይለፍ ቃሉን ከቀላል የእንግሊዝኛ ፊደላትና ቁጥሮች መሥራት ከብዙ ድካም ያድናል። ሴኪዩር ቡትን ጨርሶ መዝጋትም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የላፕቶፑን አንድ መከላከያ በድራይቨር ምክንያት ማንሳት ስለማይገባን፣ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ አናደርገውም።

ዊንዶውስን ሳታጠፉ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የምትፈልጉ ደንበኞች ደግሞ ዲስኩን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ መከላከያ፣ ቢትሎከርን አስታውሱ። የባዮስ ማስተካከያ ሲነካ፣ ዲስኩ የተቆለፈበት ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎቻችሁን እኛም ሆንን ሌላ ባለሙያ ልናወጣቸው አንችልም። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ላፕቶፑን ከማምጣታችሁ በፊት አውጥታችሁ በወረቀት ጻፉት። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የሊኑክስ መጫኛው ዲስኩን ጨርሶ የማያየው፣ ባዮሱ ዲስኩን ኢንቴል አርኤስቲ በተባለ የኢንቴል የዲስክ አያያዝ አሠራር ስለያዘው ነው። ኤኤችሲአይ ወደተባለው መደበኛ የዲስክ አሠራር መለወጥ ችግሩን ይፈታል፤ ግን ነባሩ ዊንዶውስ አስቀድሞ በሴፍ ሞድ (በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ) እንዲነሳ ካልተዘጋጀ ከለውጡ በኋላ ላይነሳ ስለሚችል፣ ይህን ቤት ውስጥ ለብቻ ባትሞክሩት እንመርጣለን።

በእነዚህ ምክንያቶች የድርጅታችን አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከዲስካችሁ ላይ ምንም ነገር ከማጥፋታችን በፊት አዲሱን ሲስተም ከፍላሽ ላይ እናስነሳለን፤ እናንተው ባላችሁበት ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ታችፓዱን፣ እንዲሁም ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱን እንፈትሻለን። አንድ ክፍል በፍላሹ ላይ ካልሠራ፣ ድራይቨር ይኖረው እንደሆነ በመለያ ቁጥሩ እናጣራለን፤ ከሌለው በግልጽ እንነግራችኋለን፤ ውሳኔው የእናንተ ይሆናል። የጣት አሻራ ማንበቢያዎች በሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ድራይቨር ስለማይኖራቸው፣ ለሥራችሁ የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ አሳውቁን። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ወይም በፓወር ግዕዝ የምትጽፉ ደንበኞች፣ ፕሮግራሞቹ ለዊንዶውስ የተሠሩ በመሆናቸው ድራይቨር የሚፈታው ነገር ስለሌለ፣ ዊንዶውሱን ባታጠፉት ይሻላል።

ዊንዶውስ እንደገና እንድንጭንላችሁ ለምትመጡም ጥቂት እንበል። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሚታየው ቢጫ ምልክት ድራይቨር ያጣውን ክፍል ያመለክታል፤ ድራይቨሩም መወሰድ ያለበት በሲሪያል ቁጥሩ ወይም በሰርቪስ ታጉ ተፈልጎ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ነው። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እንጭናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አንጠቀምም፤ ብዙዎቹ ያልተፈለገ ማስታወቂያና ሌላ ሶፍትዌር አስከትለው ይገባሉ።

ላፕቶፑን ስታመጡ ቻርጀሩን አብራችሁ አምጡ፤ የባዮስ ማሻሻያ እየተካሄደ መብራት ቢጠፋና ባትሪው ደካማ ቢሆን ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ስለሚችል፣ ባትሪው በቂ ኃይል ሳይዝ ያን ሥራ አንጀምርም። ፋይሎቻችሁንም ከመምጣታችሁ በፊት በሌላ ዲስክ ገልብጡ። ከኮዬ ፈጬና ከገላን ለምትመጡ ደንበኞቻችን፣ ለዳግም ምልልስ እንዳትዳረጉ፣ በላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን የሞዴልና የሲሪያል ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ቀድማችሁ ብትልኩልን ሊያስፈልጉ የሚችሉትን ድራይቨሮች አውርደን እንጠብቃችኋለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ የጥገና ክፍል