የእንቁላሉ ቀለም ከዘሩ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴና በኮምቦልቻ ዶሮ የሚያረቡ ወጣቶች ጠቆር ያለ ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ ዝርያዎችን አጥብቀው እየፈለጉ ነው። ፍላጎቱ የመጣው ከገበያው ነው፤ በሸዋ በር አካባቢ እንቁላል የሚሸምት ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ጠቆረው ሲሆን፣ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ጠቆር ጠቆር ያለውን ከትሪው ለይቶ ዋጋ ጨምሮ ይሸጠዋል። እኔም ያን ቀለም እወደዋለሁ፤ በአገራችን እንዲበዛም እመኛለሁ። ነገር ግን ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ሳይጣራ በሚፈጸም ግዢ ወጣቶች ገንዘባቸውን እያጡ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የእንቁላል ቅርፊት መሠረቱ ነጭ ነው። እንቁላሉ ቅርፊት በሚሠራበት የዶሮዋ ማህፀን ውስጥ 20 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ ፕሮቶፖርፊሪን የሚባለው ቡናማ ቀለም በብዛት የሚያርፍበት ግን እንቁላሉ ሊጣል ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ለዚህም ነው ቡናማውን እንቁላል ሰብሮ የቅርፊቱን ውስጥ ያየ ሰው ነጣ ብሎ የሚያገኘው። በጣም የጠቆረውን ገና እንደተጣለ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ በጥፍር ጫር ቢያደርጉት ቀለሙ ተነስቶ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ መስመር ይቀራል። እንግዲህ ይህ ከላይ የተቀባ ቀለም ለእንቁላሉ ምግብነት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። የአስኳሉ ቢጫነት ግን በእርግጥ ከመኖ ይመጣል፤ ቢጫ በቆሎና ቅጠላ ቅጠል የምታገኝ ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል። ሁለቱን እያምታቱ «ይህን መኖ ብትሰጧት እንቁላሏ ይጠቁራል» የሚሉ ሻጮች ትክክል አይደሉም።

ቀለሙን የሚወስነው ዘር ነው። በጥቁር ቡናማ እንቁላሉ በዓለም የታወቀው ማራን የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው በምዕራብ ፈረንሳይ ከምትገኝ ከተማ ነው፤ ቬልሱመርና ባርነቬልደርም የኔዘርላንድ ዝርያዎች ናቸው። የማራን አርቢዎች የእንቁላሉን ቀለም ከ1 እስከ 9 ደረጃ ባለው መለኪያ እያስተያዩ ይመድቡታል፤ ከ4 በታች የሆነውን ለዘር አያስፈለፍሉትም። ያ ቀለም ትውልድ በትውልድ፣ የጠቆረውን ብቻ እየመረጡ በማስፈልፈል የተገኘ የሰው ድካም ነው። ይህን ሳስብ ለእነዚያ አርቢዎች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ «ጥቁር እንቁላል ጣይ» እየተባሉ በካርቶን የሚመጡ ጫጩቶች እናታቸውም አባታቸውም አይታወቁም። የአንድ ቀን ጫጩት አይቶ ወደፊት ምን ዓይነት እንቁላል እንደምትጥል መናገር አይቻልም፤ ቄቧ የመጀመሪያውን እንቁላል እስክትጥል አምስት ወይም ስድስት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ መኖው፣ ክትባቱና ድካሙ ወጥቶ ያልቃል፣ ሻጩም አይገኝም። በዚህ ላይ ዘሩ በግማሽ ከአውራው መሆኑ ይረሳል። እናቲቱ የቱንም ያህል ጥቁር እንቁላል ብትጥል፣ ከነጭ እንቁላል ጣይ ወገን የሆነ እንደ ሌግሆርን ያለ አውራ ከተቀላቀለባት የሴት ልጆቿ እንቁላል ይነጣል። በየቤቱ ያለው ቦቫንስ ብራውንም ለእንቁላል ተብሎ የተዳቀለ ስለሆነ፣ ከእርሱ እንቁላል አስፈልፍሎ እናቲቱን የምትመስል ዶሮ ማግኘት አይቻልም።

ስሌቱም በሚገባ መታየት አለበት። በጥሩ አያያዝ ቦቫንስ ብራውን በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች፤ ማራን ግን ከ150 እስከ 200 ገደማ ነው። ጥቁሩ እንቁላል አዋጪ የሚሆነው ገዢው ያንን ልዩነት የሚሸፍን ዋጋ ሲከፍል ብቻ ነው። ጥቁር ቅርፊት በመብራት ሲታይ ውስጡ በቀላሉ ስለማይለይም ለማስፈልፈል የሚሠራ ሰው ፅንስ መያዙን ለማወቅ ይቸገራል።

ቀለሙ ለአርቢው የሚናገረው ነገር አለ፤ ይህን ብዙዎች ልብ አይሉትም። ጠቆር ያለ እንቁላል ስትጥል የነበረች ዶሮ ድንገት እንቁላሏ ቢነጣ ወይም ዱቄት የተነሰነሰበት ቢመስል፣ ሸለምጥማጥ አስደንግጧት፣ ቅማል ወይም መዥገር በዝቶባት፣ ወይም የመተንፈሻ በሽታ ጀምሯት ሊሆን ይችላል። ዕድሜዋ ሲገፋም ቀለሙ ይፈዛል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሚቀንስ ሙቀቱ ይጨምራል፤ በሙቀት የምታለከልክ ዶሮ መኖ ትቀንሳለች፣ የእንቁላሏ ቅርፊትም ይሳሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያሉ አርቢዎች ለጥላ፣ ለነፋስና ለቀዝቃዛ ውሃ ከእኛ ከደሴዎቹ ይልቅ መጨነቅ ይኖርባቸዋል።

ዘር ከውጭ ማስመጣት ረጅም መንገድ ነው፤ በእጃችን ካለው መጀመር ግን ይቻላል። ኮኮክና ሮድ አይላንድ ሬድ ሁለቱም ቡናማ እንቁላል ጣዮች ናቸው፤ በአገራችንም ቆይተዋል። ኮምቦልቻ የሚገኘው የዶሮ ብዜት ማዕከል ከእነዚህ ውስጥ ጠቆር ያለውን የሚጥሉትን በክንፍ ቁጥር ለይቶ፣ ከጥቁሩ እንቁላል የተፈለፈሉትን አውራዎች መልሶ ለዘር ቢያቆይ፣ ለአርቢዎች የታመነ ጫጩት ማቅረብ ይችላል። የሁለቱ ከተሞች የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ጫጩት የሚሸጥ ሁሉ የእናትና የአባት መንጋውን ዝርያ፣ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት የተሰጠበትን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጥ እንዲያስገድዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ገዢው የእናቲቱን እንቁላል በዓይኑ ሳያይ፣ የአውራውንም ምንጭ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይስጥ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ዶሮ አርቢ፣ ከደሴ