በሩ ማዕዘኑ ላይ ያለው ቤት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ ከአየርላንድ ብርድ በስተቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል «እማዬ፣ ያ አሮጌ ቤት ምን ይሠራልሻል?» አልሽኝ። በስልክ ስላልሆነልኝ ይኸው ልጻፍልሽ። አርክቴክቸር የምታጠኚው አንቺ ብትሆኚም ቤቱን የምኖርበት እኔ ነኝ።

ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ላይ ነው ያለው። ሹሉ ማዕዘን ተቆርጦ በሩ እዚያው ላይ ወጥቷል። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከየትኛውም መንገድ ብትመጪ በሩ ፊት ለፊትሽ ነው። ደንበኛ በየት ያመልጣል! ታች ሱቅ፣ ላይ የባለሱቁ መኖሪያ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው) እዚህ አገር ብዙ ባለሱቅ ሻይና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ውስኪም ይቀዳ ነበር።

የሱቁ ፊት እንጨት ነው። ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ዓምዶች አሉ፤ በላያቸው የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ረጅም ሳንቃ ተጋድሟል። አንቺ የምታጠኚውን የግሪክ ቤተ መቅደስ የመንደር አናጢ አሳጥሮ ሠራው በይው። የመስታወት ቀረጥ በ1845 ሲነሣ መስታወት ረከሰ፣ የሱቅ መስኮትም እየሰፋ መጣ። የሚገርምሽ፣ ድንቹን በሽታ መትቶ ያ ክፉ የአየርላንድ ረሃብ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

ግድግዳው በኖራ የተገነባ ድንጋይ ነው። ኖራ እርጥበቱን መልሶ ያስወጣዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው አንዱን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስኖታል። እኔ ደግሞ አምና ብርድ ገባ ብዬ የምድጃውን ጭስ መውጫ በጨርቅ ጠቀጠቅሁት። በሁለት ወር የአልጋዬ ራስጌ ሻገተ። የላክሽልኝ ጋቢ እንኳ አልቀረም! ጨርቁን ሳወጣ ሽታው ለቀቀ። የሲሚንቶው ግድግዳ ግን ዛሬም እንደራሰ ነው።

መንግሥት ከ1990 ጀምሮ የድሮ ሕንፃዎችን ይመዘግባል። ካቴድራል ብቻ አይደለም፤ የመንደር ሱቅም፣ የፖስታ ሣጥንም ይመዘገባል። ይኼ ደስ ይለኛል። መመዝገብ ብቻውን ግን ቤት አያድንም። የአካባቢው ምክር ቤት በጥበቃ ዝርዝሩ ሲያስገባው ነው ባለቤቱ መስኮት ነቅሎ ፕላስቲክ ልግጠም ቢል ፈቃድ የሚጠየቀው። እሱም ቢሆን ሰው የማይኖርበትን ቤት ከዝናብ አያስጥልም። እዚሁ ሰፈር ባዶ የቀረ አንድ ቤት ጣሪያው ላይ ዛፍ በቅሎበታል።

ስትመጪ ሊስቶዌል የምትባል ከተማ እወስድሻለሁ። ፓት ማኮሊፍ የሚባል ልሳኝ (1846–1921) የሕንፃዎችን ፊት በልስን ቅርጽ አስጊጦበታል። አንዱ ላይ ሴትዮ፣ በገናና ትልቅ ውሻ ሠርቷል። ሰውየው ልክ አያውቅም ብትይ አልቃወምሽም፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የእኛ ሱቅ ሳንቃ ላይ ከቀለሙ ሥር የቆየ ስም አለ። ጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታው ብቻ ይታያል። እስካሁን ሁለት ፊደል ነው የለየሁት። ዓይንሽ ከእኔ ስለሚሻል ቀሪውን አንቺ ታነቢልኛለሽ። ሜትርና እርሳስሽን ያዢ፤ ሽሮውን ግን እንዳትረሺ።

እናትሽ