በድሬዳዋ «ለከንቲባነት መወዳደር» ማለት ምን ማለት ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ምርጫ በተቃረበ ቁጥር «እገሌ ለከንቲባነት ሊወዳደር ነው» የሚለው ወሬ ከቀፊራ ገበያ ተነሥቶ ሳቢያን ይደርሳል። ጋዜጦችም ተቀብለው ይጽፉታል። በድሬዳዋ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ግን ከንቲባ የሚባል ተወዳዳሪ የለም። በአስተዳደሩ ቻርተር (አዋጅ ቁጥር 416/1996) መሠረት ሕዝቡ የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፤ ከንቲባውን ምክር ቤቱ ከራሱ አባላት መካከል ይሰይማል። ይህን ያላወቀ መራጭ የማይታሰብ ነገር ይጠብቃል፤ ይህን ያላወቀ ተወዳዳሪ ደግሞ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ 189 ወንበር አለው፤ አብላጫው 95 ነው። 60 ዕጩ ብቻ ያስመዘገበ ፓርቲ ሁሉም ቢያሸንፉለት እንኳ ሌላ ፓርቲ ካልደገፈው በስተቀር ከንቲባ ማስመረጥ አይችልም። የግል ዕጩማ፣ ሰፈሩ ሙሉ ቢወደውም፣ ይዞ የሚገባው አንድ ድምፅ ነው። እንግዲህ «ከንቲባ ሆኜ ይህን አደርጋለሁ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «ስንት ዕጩ አስመዝግባችኋል?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ነገር የአቆጣጠሩ ሥርዓት ነው፤ ብዙዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። አንድ የምርጫ ክልል ወደ ምክር ቤቱ ከአንድ በላይ ተወካይ ይልካል። አሸናፊዎቹ የሚለዩት በድምፅ ብልጫ እንጂ በድርሻ ክፍፍል አይደለም። 4 ወንበር ያለው የምርጫ ክልል እንውሰድ። የአንዱ ፓርቲ ዕጩዎች እያንዳንዳቸው ከመቶ 40 ድምፅ ቢያገኙ፣ የሌሎች ሁለት ፓርቲዎች ዕጩዎች ደግሞ 30፣ 30 ቢያገኙ፣ አራቱንም ወንበር የሚወስደው የመጀመሪያው ነው። ከመቶ 60 የሚሆነው መራጭ አንድም ተወካይ አያገኝም። ትንንሽ ፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል ላይ ተሻምተው ከመውደቅ የምርጫ ክልሎቹን አስቀድመው ቢከፋፈሉ ይሻላቸዋል። በየምርጫው ይነገራል፣ ሰሚ ግን አልተገኘም።

መራጩም ማወቅ ያለበት አለ። ምልክት ማድረግ የሚችለው ለምርጫ ክልሉ እስከተመደበው የወንበር ቁጥር ድረስ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወረቀቱ ዋጋ አልባ ይሆናል። አንድ ሰው ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ መውጣት ይቻላል፣ የቀረው ድምፅ ግን ባክኖ ይቀራል። ለፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድሬዳዋ ያላት 2 መቀመጫ ብቻ ስለሆነ የዚያ ወረቀት ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከተማዋን ከዚራ፣ መጋላና ለገሃሬ ብቻ አድርጎ የሚቀሰቅስ ዕጩ ሌላ ስሕተት ይሠራል። በዋሂል፣ በቢዮ አዋሌ፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ በኩል ያሉት የገጠር ቀበሌዎችም በዚያው ምክር ቤት ወንበር አላቸው። እዚያ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ መዞር ዋጋ የለውም፤ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። በከተማውም ቢሆን በሙቀቱ ሰዓት አዳራሽ መጥራት ከንቱ ነው፣ ከቀትር በኋላ ሰው በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ነው። ጠዋት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቅስቀሳው ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 4 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚቆም ዋናውን ስብሰባ ለመጨረሻ ማቆየት አያዋጣም።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የወኪል፣ ማለትም ምርጫ ጣቢያ ላይ ሆኖ ለፓርቲው ወይም ለዕጩው የሚከታተል ሰው፣ ጉዳይ ነው። አንድ ምርጫ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይመዘግባል፤ ድምፅ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሰጣል፤ ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ላይ ሌሊት ይካሄዳል። ጠዋት የገባ ወኪል ውኃና ምግብ ካልደረሰው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ያለ እሱም ይቆጠራል። ለየጣቢያው አንድ ወኪልና አንድ ተተኪ መያዝ፣ ውጤቱ የተሞላበትን ቅጽ ቅጂ ሳይቀበሉ አለመውጣት፣ በጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ ማንሣት ግድ ነው። ቅሬታ ካለ እዚያው ጣቢያ ላይ ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ይቅረብ። በማግስቱ ሻይ ቤት የሚነገር ቅሬታ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ቃል ኪዳኑም ትንሽ እንበል። ከንቲባ ጉምሩክን፣ የጅቡቲን ባቡርና የመብራት ኃይልን አያዝዝም፤ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው። የመሬት አሰጣጥ፣ የቀበሌ ቤት፣ የቆሻሻ ማንሣት፣ የሳቢያን ጉድጓዶች ውኃና ቧንቧ የሚደፍነው ጨው፣ የደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ግን በቀጥታ ይመለከቱታል። በሐምሌ 1998 ከ200 በላይ ሰው በጎርፍ ባጣች ከተማ ወንዙ ዳር ቤት እንዲሠራ ማን እንደሚፈቅድ መጠየቅ ከኮንትሮባንድ ንግግር ይቀድማል።

  

ከንቲባም ያለ ሕዝብ ምርጫ ሊቀየር ይችላል። ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም. የድሬዳዋ መሪዎች ደጋግመው ሲቀያየሩ የሕዝብ ምርጫ የተካሄደው ግን አንድ ጊዜ፣ በ2013 ነበር። ስለዚህ ከጋዜጣዎ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በየምርጫ ክልሉ ስንት ወንበር እንዳለና እያንዳንዱ ፓርቲ ስንት ዕጩ እንዳቀረበ በሠንጠረዥ ያትሙልን፤ 95 እና ከዚያ በላይ ዕጩ ያቀረበውን ፓርቲ ሁሉ ደግሞ «ብታሸንፉ ለከንቲባነት የምታቀርቡት ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አልመልስም ያለውንም እንዲሁ ጻፉት። ቅስቀሳው ሳይዘጋ ከወጣ ለመራጩ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የምርጫ ሥራ የምናውቅ አንባቢዎች፣ ድሬዳዋ