በጨረታ ሰነዶቻችን ላይ ስለማይሰፍረው የባይት ልክ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በድሬዳዋ ያሉ መሥሪያ ቤቶች፣ ኮሌጆችና የንግድ ድርጅቶች የኔትወርክ መሣሪያ ለመግዛት የሚያወጧቸውን የጨረታ ሰነዶች በሥራዬ ምክንያት ደጋግሜ አያለሁ። የፍጥነቱ ጊጋቢት፣ የፖርቱ ብዛትና የዋስትናው ዘመን በዝርዝር ይሰፍራሉ፤ መሣሪያው የትራፊኩን ዓይነት ለመለየት ከእያንዳንዱ ግንኙነት ስንት ባይት እንደሚመረምር የሚጠይቅ ሰነድ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ፋየርዎልም ሆነ ባንድዊድዝ የሚያከፋፍል መሣሪያ ቪዲዮውን ከኢሜይል፣ ኢሜይሉን ከክፍያ የሚለየው ፓኬት የሚባሉትን በኔትወርክ የሚላኩ የመረጃ ቁራጮች በሚመረምር፣ የፓኬት መለያ ላይብረሪ በሚባል የሶፍትዌር ክፍል ነው። እንዲህ ያለው ላይብረሪ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የጆንያውን አፍ ብቻ ፈትቶ እንደሚያይ ፈታሽ ነው የሚሠራው። በኒውዚላንድ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብፕሮቶአይደንት ከይዘቱ የሚያየው በየአቅጣጫው የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች ብቻ ሲሆን፣ ከነዚህ ጋር የይዘቱን መጠንና የፖርት ቁጥሩን (የአገልግሎቱን መለያ ቁጥር) አገናዝቦ ይፈርዳል። ኤንዲፒአይ የተባለው ሌላ ላይብረሪ ጠለቅ ብሎ ቢያነብም የተወሰኑ ፓኬቶችን ካየ በኋላ ምርመራውን ያቆማል።

4 ባይት ምን ያህል ጥቂት ነው ለሚል ሰው፣ እርሱም እንኳ የማይገኝበት ጊዜ እንዳለ ላስረዳ። ቲሲፒደምፕ የተባለው የታወቀ የፓኬት መቅጃ ፕሮግራም ለረጅም ዘመን ካልታዘዘ በቀር ከእያንዳንዱ ፓኬት 68 ባይት ብቻ ይቀዳ ነበር። ከዚህ ላይ የኢተርኔቱ ሄደር (ከይዘቱ በፊት የሚቀመጠው የአድራሻና የመቆጣጠሪያ ክፍል) 14፣ የአይፒው 20፣ የቲሲፒው ደግሞ ከሰዓት ምልክቱ ጋር 32 ባይት ሲወስዱ ለይዘቱ የሚተርፈው 2 ባይት ነው፤ ቪላን የሚባለው የኔትወርክ መከፋፈያ ምልክት ካለበት ጭራሹኑ ምንም አይተርፍም። በዚህ መልክ የተቀዳ መረጃ የቀረበለት ላይብረሪ «ያልታወቀ» ብሎ ቢመልስ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

አሁን ያለው ችግር ግን ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። ምስጢራዊ ግንኙነት ሲጀመር ብሮውዘሩ የሚልከው የመጀመሪያ መልእክት የሚፈለገውን ድረ ገጽ ስም ይይዛል፤ ቀድሞ መልእክቱ ከ1,500 ባይት የማይበልጥ አንድ ፓኬት ውስጥ ይጠቃለል ስለነበር ብዙ መሣሪያዎች የተሠሩት ሁልጊዜም እንዲሁ ይሆናል በሚል ግምት ነው። ክሮም ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደፊት ከሚመጡ ኳንተም ኮምፒውተሮች የሚከላከል ቁልፍ መላክ ሲጀምር ቁልፉ ብቻ 1,184 ባይት ስለሆነ መልእክቱ ለሁለት ፓኬት ይከፈላል። በዚያ ላይ ክሮም የመልእክቱን ክፍሎች ቅደም ተከተል በየጊዜው ስለሚቀያይር የድረ ገጹ ስም አንዴ በመጀመሪያው፣ አንዴ በሁለተኛው ፓኬት ላይ ይገኛል፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ታዲያ ስሙን አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ያጣዋል። ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የገጠመንም ይኸው ነው፤ የጉምሩክ ሰነድ የሚላክበት ገጽ በአሮጌው ብሮውዘር ሁልጊዜ ሲከፈት በአዲሱ ግን አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይንጠለጠላል። ሠራተኛው እንደተለመደው ጥፋቱን በአገልግሎት ሰጪው ላይ አላከከ፤ መስመሩ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ሻጮች ስለሚመረመረው ባይት «ልኩን ከፍ አድርጉት» ሲሉ መፍትሔው ሙሉ በሙሉ የተገኘ ያስመስሉታል። ለጊዜው በማህደረ ትውስታ ውስጥ ሁለቱን ፓኬቶች አጋጥሞ ማንበብና የሰዎችን መልእክት እስከ መጨረሻው ባይት በዲስክ ላይ መቅዳት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዛሬው ቲሲፒደምፕ ልኩ ካልተቀነሰ በቀር እስከ 262,144 ባይት ስለሚቀዳ ፓኬቱን ከነይዘቱ ያስቀራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር ይህን ያህል ማስቀመጥ ለምን እንዳስፈለገ የሚመልስ ሰው ሊኖር ይገባል። በእኔ አስተያየት ለማንበብ በቂ፣ ለማስቀመጥ ግን እጅግ አነስተኛ ልክ ነው መጠየቅ ያለበት።

ስለዚህ የግዢ ክፍሎች በሰነዳቸው ላይ መሣሪያው ስንት ባይትና ስንት ፓኬት እንደሚመረምር፣ የተከፈለ መልእክት መገጣጠም መቻሉንና በዲስክ ላይ የሚያስቀረውን ልክ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ቢያስገድዱ መልካም ነው። የርክክብ ኮሚቴውም የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በቅርብ ጊዜ በወጣ ብሮውዘር አንድን ገጽ ደጋግሞ በማስከፈት መሣሪያው በየጊዜው ምን ብሎ እንደመዘገበው ይመልከት።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ