መብራት ሲመጣ ማን ይቅደም?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ መቆየቴን ይቅር በለኝ፤ ዛሬ ለመጻፍ ያስነሣኝ ናፍቆትህ ብቻ ሳይሆን ለመጻሕፍት ቤቱ በኮምፒውተር የሠራህለት ያ የመጻሕፍት መዝገብህ ጭምር ነው።

መዝገቡ አሁንም የሚሠራው ድረ ገጽን ለጠያቂ በሚያቀርበው ፕሮግራም፣ በአፓቼ ነው። ለተማሪዎቹ የትምህርት ቪዲዮ ሲባል ግን ኡቡንቱ በተባለው ሥርዓት በሚሠራው በዚያው ማሽን ላይ ኤንጂንኤክስ የተባለ ሌላ መሰል ፕሮግራም ተጨመረ፤ ኡቡንቱ ደግሞ እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲጫንበት ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሣ ወዲያው ያዘጋጀዋል። የደብረ ማርቆስን ክረምትና የመብራቱን ነገር ለአንተ አልነግርህም። መብራት በመጣ ቁጥር አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስነሣቸዋል፤ ሁለቱም የድረ ገጽ ጠያቂ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 80ን ይሻሉ፤ የቀደመው ይይዘዋል፣ የዘገየው «አድራሻው ተይዟል» ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ቀን መዝገቡ ይከፈታል፣ በማግስቱ ቪዲዮው፤ ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ፈተና ስለ ደረሰ ለቪዲዮው አደላሁ፤ አትቆጣኝ። በ«ሲስተምሲቲኤል ዲስኤብል» አፓቼ ከማሽኑ ጋር እንዳይነሣ አደረግሁት። ይህ ትእዛዝ የሚያስወግደው የማስነሻውን ማያያዣ ብቻ እንጂ እየሠራ ያለውን አገልግሎት ስለማያቆም፣ «ናው» የሚለውንም ጨመርሁበት። «ማስክ» ማለት ግን በእጅ እንኳ እንዳይነሣ መዝጋት ስለሆነ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ በዚያ መዝገብ ላይ ስንት ሌሊት እንዳነጋህ አይቻለሁና።

አፓቼን ነቅሎ መዝገቡን ወደ ኤንጂንኤክስ ማዛወርም አልሆነልኝም። አንተ መቼም ሁሉን ነገር የአፓቼ ደንብ በሚጻፍበት በኤችቲአክሰስ ፋይል ማሰር ትወዳለህ፤ ኤንጂንኤክስ ደግሞ እነዚያን ፋይሎች አያነብም። ያሰብሁት እንዲህ ነው፦ ፖርትስ ኮንፍ በተባለው የአፓቼ ማዘጋጃ ፋይል ያለውን 80 ወደ 8080፣ የመዝገቡ ገጽ የተደነገገበትን የቨርቹዋል ሆስቱንም እንዲሁ ለውጬ፣ ኤንጂንኤክስ እንደ ደጅ ጠባቂ በ80 ተቀምጦ የመዝገቡን ጠያቂ ወደ አፓቼ እንዲያሳልፍ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም «ኢኔብል» ሆነው ከማሽኑ ጋር ቢነሡ አይጋጩም።

እንዴት እንደምጠይቅህ ቸገረኝ እንጂ፣ የፈለግሁህ ለዚህ ነው፦ በፕሮግራሙ ውስጥ አድራሻውን ከነፖርቱ የጻፍህበት ቦታ ይኖር ይሆን? ካለ የትኛው ፋይል ላይ እንደሆነ ብቻ ጻፍልኝ። የመጻሕፍት ቤቱ እመቤት እስከዚያው መጽሐፍ የሚዋሰውን ሁሉ በወረቀት እየመዘገቡ ስለሆነ፣ መልስህ ባይዘገይ እወዳለሁ።

ያንተው ወንድምህ
ከደብረ ማርቆስ