ከዚያ ቅርጫት አውጪው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ፎቶግራፉን ካየሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ሕፃኑን ከባልሽ አያት ጎተራ በወጣው የገለባ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጠሽዋል። ለፎቶ ብቻ ከሆነ ይሁን። ሥራ ስትጀምሪ እዚያ ልታውዪው ከሆነ ግን እንዳታደርጊው።

ከጃፓኗ ከተማ ከጹሩኦካ ያመጣሽልኝ የኢዙሜኮ አሻንጉሊት ዛሬም ረከቦቱ አጠገብ ናት። መዳፍ የምታህል የገለባ ቅርጫት፣ ቀይ ጨርቅ፣ ከላይ ብቅ ያለች ክብ ፊት። ኢዙሜኮ የሚባለው ቅርጫት መጀመሪያ የበሰለ ሩዝ እንዳይቀዘቅዝ የሚቀመጥበት እንደነበር ስትነግሪኝ «የእነሱ መሶብ ነው በይኛ!» ብዬሽ ስቀን ነበር። በዚያ በሰሜን ጃፓን ብርድ ሕፃኑንም እንደ ሩዙ ሙቀቱ እንዳያመልጠው ከተቱት፤ ሌላው አካባቢ ኤጂኮ ይለዋል አልሽኝ። ከሥር ሽንቱን የሚመጥ አመድና ገለባ፣ ዙሪያውን እስከ ብብቱ ጨርቅ። እናቲቱ ጭቃ ውስጥ ቆማ ሩዝ ስትተክል ትውል ነበር፤ ልጁም እዚያው ይውል ነበር። ምን ታድርግ? አልፈርድባትም።

የምፈርደው በራሴ ነው። አባትሽ እንደሞተ እንጀራ እየጋገርኩ ስሸጥ፣ የስምንት ወር ልጅ ሆነሽ፣ በሳሙና ካርቶን አስቀምጬ ዙሪያሽን በእሱ ጋቢ እጠቀጥቅ ነበር፤ ወደ ምጣዱ እንዳትድሂ ብዬ። መጀመሪያ ታለቅሺ ነበር። በሳምንቱ ዝም አልሽ። ጎረቤቶች «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። አንድ ማታ ሳወጣሽ የካርቶኑ ጠርዝ ብብትሽ ሥር ሰንበር አውጥቷል። ቅቤ ስቀባሽ እንኳ አላለቀስሽም፤ እሳቱን እያየሽ ዝም። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ፎቶው ላይ ልጅሽም ዝም ብሏል። ደልቶት እንዳይመስልሽ፤ አውጪው።

የባልሽን አያት እንዳታስቀይሚ። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው፤ በክብር ፀሐይ ላይ አናፍሰሽ፣ አቧራውን አራግፈሽ የክር ማስቀመጫ አድርጊው። የልጅ ልጄን ግን እዚያ እንዳታስገቢው። ያንን ክዳኑ የሚከፈተውን ኮኬሺ የሚሉትን የእንጨት አሻንጉሊትም ውስጡ ያሉትን ትንንሽ አሻንጉሊቶች አውጥተሽ ደብቂ፤ መዳህ ሲጀምር አፉ ይከታቸዋል።

አጃ በሰው ልኬልሻለሁ፤ አቅጥነሽ ጠጪው። አንቀልባውንም እሽጉ ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ማሰሪያውን እኔው ራሴ አጥብቄ ሰፍቼዋለሁ። የሚቀጥለውን ፎቶ ጀርባሽ ላይ አዝለሽው አንሺና ላኪልኝ።

እናትሽ