ለደንበኞቻችን፦ ያልተከፈተ ሳጥን ከእንግዲህ ለምን አንሸጥም?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አንድ አሠራር ስለቀየርን ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በኮሚሽን እንድንሸጥላችሁ የምታመጡትን ፊገር፣ ማለትም የፊልም ጀግና አስመስሎ ለሰብሳቢ የሚሠራውን አሻንጉሊት፣ ሳጥኑን ሳንከፍት አንቀበልም። ባለቤቱ ቆሞ እያየ ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዋጋ ይቆረጥለታል። «ፋብሪካው እንዳሸገው ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ አያስጨምርም።

ወሬው ቀድሞ የደረሳችሁ አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ቅር እንዳላችሁ ነግራችሁናል። አይፈረድባችሁም። ያልተከፈተ ሳጥን ከተከፈተው በላይ ያወጣል ሲባል ነው የኖርነው። ደግሞም እኛ ሐበሾች ሪሞቱን እንኳ ከነላስቲኩ የምንጠቀም ሰዎች ነን። 300 ዶላር የወጣበትን ባትማን ክፈቱት ስንላችሁ ቢያማችሁ አይገርምም። ስለዚህ ምክንያታችንን በዝርዝር ማስረዳት አለብን።

መጀመሪያ ጉዳዩ አሁን ለምን እንደመጣ እንንገራችሁ። በሱቃችን የሚዞረው በአብዛኛው አንድ ስድስተኛ የሚባለው፣ የእውነተኛ ሰው ቁመት ለስድስት ተካፍሎ የሚሠራው መጠን ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ሐዝብሮ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ጂ.አይ. ጆ የተባለውን የወታደር አሻንጉሊት ሲያወጣ የተጠቀመበት መጠን መሆኑ ነው። ዛሬ በዚህ መጠን ሱፐርሂሮ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ስም በ2000 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተቋቋመው ሆት ቶይስ የተባለው አምራች ነው። ብዙ ደንበኞቻችን በቀጥታ ከሆንግ ኮንግ ያስመጡ ነበር፤ ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበርና። ያ መብት ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚመጣ ዕቃ በሜይ 2025፣ ለቀሩት አገሮች ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ ቀረ። አዲሱ ሲወደድ ሰው ፊቱን ወደ አሮጌው አዞረ። ድሮ በወር አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው ያገለገለ ፊገር አሁን ዋናው ሥራችን ሆኗል። ከሚመጣው ውስጥም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይከፈት የተቀመጠ ብዙ አለ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳጥን ከአቧራ፣ ከፀሐይና ከልጅ እጅ ይከላከላል። ከዕድሜ ግን አይከላከልም።

ዋናው ተጎጂ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። የብላክ ዊዶው ልብስ፣ የብሌድ ካፖርት፣ የኤክስ-ሜኖቹ የቡድን ልብስ፣ የብዙዎቹ ቀበቶና ጫማ ከዚህ የተሠራ ነው። እውነተኛ ቆዳ ለ30 ሴንቲ ሜትር ሰው ይወፍራል፤ አይታጠፍም፣ ስፌቱም ይገዝፋል። ስለዚህ አምራቾቹ ስስ ጨርቅ ላይ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ይቀባሉ። አዲስ ሲሆን እጅግ ያምራል። ፖሊዩሬቴን ግን አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ውሃው ከፕላስቲኩ ጋር እየተዋሃደ ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ካርቶን አየር አያግድም፤ እርጥበቱ በስፌቱና በክዳኑ ይገባል። ፊገሩን ነካችሁት አልነካችሁት ለኬሚስትሪው ጉዳዩ አይደለም። ሥራውን የጀመረው ፋብሪካው ልብሱን በሰፋበት ቀን ነው።

እንዲህ ያለ ሳጥን ሲከፈት ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። የውጭው ቡናማ ካርቶን ደህና ነው። ፎቶ ያለበት የውስጠኛው ሳጥንም ጥርት ያለ ነው፤ ማዕዘኑ እንኳ አልተነካም። የፕላስቲክ ትሪው ክዳን ሲነሳ ግን ከፊገሩ ክርን ሥር ጥቁር ብናኝ ተጠራቅሟል። ክንዱ ትንሽ ሲነሳ እጅጌው ከመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቅና ከሥር ያለው ነጣ ያለ ጨርቅ ብቅ ይላል። ጣት ሲነካው ቆዳው ቁርጥራጭ ሆኖ ጣት ላይ ይቀራል። ይህን ለማስተካከል የሚሸጥ ቀለምም ቅባትም አለ። እኛ ሞክረን አላመንንበትም። ከሥር የላላውን ከላይ ቢቀቡት ከነቀለሙ ይላጣል። መፍትሔው ሌላ ልብስ ማሰፋት ወይም መግዛት ነው፤ እሱም ከተገኘ።

አሁን ይህን ሳጥን እንደታሸገ ለሌላው ደንበኛችን በ500 ዶላር ሸጥን እንበል። እሱም ሳይከፍት ቢያስቀምጠው ጥሩ፤ ጉዱ ለሦስተኛው ገዢ ተላለፈ ማለት ነው። ቤቱ ወስዶ ቢከፍተው ደግሞ ከሻጩም ከእኛም ጋር ይጣላል። ሻጩ «ሳልነካው ነው ያመጣሁት» ይላል፣ እውነቱን ነው። ገዢው «የተበላሸ ሸጣችሁልኝ» ይላል፣ እሱም እውነቱን ነው። እኛ መሐል ቆመን ማንን እንዳኝ? ዐይን ያላየው ዕቃ ላይ ዋጋ መቁረጥ ሥራችን መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ነገር የሚያጣብቀው ላብ ነው። ሰብሳቢ ሁሉ አጋጥሞታል። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ጎማ እንዲለሰልስ የሚያለሰልስ ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል በዓመታት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ፊገሩን ያጣብቀዋል። ነፋስ ባለበት መደርደሪያ ላይ ቀስ እያለ ይተናል። ጠባብ ትሪ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይተኛል። ለስላሳው ፒቪሲ ከደረቅ ፕላስቲክ ጋር ተነካክቶ ለዓመታት ከቆየ ደግሞ ቀለም ያስለቅቃል፣ አንዳንዴም ደረቁን አቅልጦ ምልክት ይተዋል። ፋብሪካው በክንድና በደረት መሐል የሚያደርጋት ስስ ላስቲክ ራሷ ደረቱ ላይ መስመር አትማ የተገኘችበት ጊዜ አለ። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና አብዛኛውን መጣበቅ ያስለቅቃል። ማስክ፣ ጓንትና ቦት ላይ ነው በብዛት የምታዩት።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። የአይረን ማን ደረትና ዐይን የሚበራው በትንንሽ ክብ ባትሪዎች ነው። ከውስጥ ከተረሱ ያፈሳሉ፤ ያፈሰሰውም የነሐስ መነካኪያውን ይበላዋል፣ ከዚያ መብራቱ አይበራም። ብዙ ካልቆየ ጥጥ በኮምጣጤ ነክሮ መጥረግ፣ ከዚያ በአልኮል ማድረቅ ይሠራል። ሳትጠቀሙበት ባትሪውን አውጡት፤ ያወጣችሁትንም ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ። ልጅ ቢውጠው በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ሳትዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ይህን ያነሳነው ቤታቸው ልጅ ያላቸው ደንበኞቻችን ስለበዙ ነው።

ሁሉም ፊገር እንዲህ ነው እያልን አይደለም። ብረት የተቀላቀለባቸው አይረን ማኖች ቆንጆ ሆነው ያረጃሉ። ክብደታቸው መገጣጠሚያቸውን ያላላዋል እንጂ ገላቸው ምንም አይሆንም። ጨርቅ የለበሱትም ይሻላሉ፤ ጆከር በሐምራዊ ካፖርቱ፣ ሱፐርማን በካባው። ጥቁር ጨርቅ ግን ነጣ ያለ ገላ ላይ ቀለም ይለቃል። የእኛን ምክር ከጠየቃችሁ፣ አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ከቆዳ ለባሹ ይልቅ ከብረት ለባሹ ጀምሩ። ቆዳ ለባሹን የምትወዱት ከሆነም ግዙ፤ ግን እያያችሁት ለመደሰት እንጂ ለልጅ ልጅ ለማውረስ አይሁን።

የት እንደምታስቀምጡትም ነገሩን ይለውጠዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ የጁላይና የኦገስት ሙቀትና እርጥበት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሳጥኑ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ከዋለ ቆዳው በፍጥነት ያልቃል። ሰው የሚኖርበትና ኤሲ ያለበት ክፍል ይሻላል። ቤዝመንት ብቻ ነው ያለኝ ለምትሉ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ግዙና ከ50 በመቶ በታች አድርጉት፤ የአንድ ፊገር ዋጋ እንኳ አይሞላም። የመስኮት ፀሐይ አታሳዩት፤ ነጩን ያቢጫል፣ ቀዩን ያደበዝዛል። የኤልኢዲ መብራት ግን እንደ ፀሐይ አይጎዳም። የመስታወት ቁም ሣጥኑን በር ክፍተት ለአቧራ ብላችሁ በስፖንጅ መድፈን ትችላላችሁ። ሙሉ በሙሉ አየር እንዳያስገባ ማድረግ ግን አያስፈልግም።

አቋሙም እንዲሁ። ስፓይደርማን ተንጠልጥሎ ማየት ማንም ይወዳል፤ ልብሱም የሚለጠጥ ጨርቅ ስለሆነ ይችላል። ቆዳ የለበሰውን ግን ጉልበቱን አጥፋችሁ ዓመት አታቁሙት፤ የታጠፈበት ቦታ መጀመሪያ ይሰነጠቃል። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እንግዳ ሲመጣ አሳምሩት። የሚለዋወጠው እጁ አልገባ ካለ አትታገሉት፤ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቁት፣ ራሱ ይገባል።

አሁን ወደ ዋጋው። «ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል» የሚለው ሥጋታችሁ እውነት አለው፤ ገበያው ገና ያልተከፈተውን ያከብራል። እኛ ግን በጥሩ ብርሃን የተነሳ ፎቶ፣ የመገጣጠሚያ ፍተሻና የተሟላ የዕቃ ዝርዝር እናያይዛለን። የሚለዋወጡት እጆች፣ ሁለተኛው ጭንቅላት፣ መቆሚያው፣ መመሪያ ወረቀቱ፣ ቡናማው ካርቶን ሳይቀር ይቆጠራል። እንደዚህ የታየ ዕቃ ላይ ገዢ አይከራከርም። ሳጥኑን ግን በምንም ምክንያት እንዳትጥሉት፤ ያለ ሳጥን የመጣ ዕቃ ዋጋው በእርግጥ ይወድቃል።

አዲስ የወጣውንና በቅድሚያ ትእዛዝ በእኛ በኩል የምትወስዱትን ዕቃ አንከፍትም። ያ የእናንተ ደስታ ነው። ቤት ስትደርሱ ግን በ14 ቀን ውስጥ ከፍታችሁ ተመልከቱልን፤ እጅ ቢጎድል ወይም ዐይኑ ተጣሞ ቢቀባ ከአከፋፋዩ ማስቀየር የምንችለው ጊዜው ሳያልፍ ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት ያልተከፈተ ሳጥን እኛ ዘንድ ያስቀመጣችሁ ደንበኞች አንድ በአንድ ይደወልላችኋል። እናንተ ሳትኖሩ አይከፈትም። ለመክፈት የማትፈልጉ ዕቃችሁን ያለ ምንም ክፍያ መውሰድ ትችላላችሁ። ለመክፈት ለምትመጡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመረጣል፤ ጠረጴዛው ሰፊ ነው፣ ቡናም አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ